በገንዳው ማዕዘን የተጻፈው ቃል

ቀየት፣ መንዝ
ጥር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ለምትኖረው ለወንድሜ ልጅ ለአመተሥላሴ ገብረየሱስ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የአባቶችሽ አምላክ በሄድሽበት ጥላ፣ በተቀመጥሽበት ከለላ ይሁንሽ። እኔና ጌታነሽ በዕድሜያችን ልክ ደኅና ነን። ውርጩ ዘንድሮ ከበድ ቢልም ገብሱ አምልጦታል። በጎቹም ወልደዋል።

የዛሬው ደብዳቤዬ የጤና መጠየቂያ ብቻ አይደለም። አንድ ቃል አጋጥሞኛል። ትርጓሜውን የማላውቀው ቃል ሲያጋጥመኝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ መምህር ያጣሁለት ቃል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ዛሬ ተማሪ ሆኜ ከደጅሽ ቆሜአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ተክለጻድቅ፣ አንቺ አዝለሽ ያሳደግሽው፣ የዜማ ትምህርቱን ትቶ ግንበኛ መሆኑን ሰምተሻል። ከድርቁ በኋላ ለውኃ ሥራ የመጣ ኬንድል የሚሉት እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። ከመንደራችን በላይ ካለው ተረተር ጭልጭል የምትለዋን ምንጭ እሱና ተክለጻድቅ ገነቧት፤ ውኃውም በቧንቧ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ወረደ። እዚያ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ገደል ወርዶ ውኃ መቅዳት ከዚያ ወዲህ ቀርቷል። መሐንዲሱ ከመሄዱ በፊት፣ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ሳለ፣ በገንዳው ላይ በባዕድ ፊደል የተክለጻድቅን ስም ጻፈ፤ ከስሙም ቀጥሎ አንድ ቃል ጫረ። ቃሉ በማዕዘኑ ላይ ይታጠፋል፤ እኩሌታው በአንዱ ፊት፣ እኩሌታው በሌላው ፊት ይታያል።

ተክለጻድቅ ባለፈው ዓመት ኅዳር ለእናት ሀገር ጥሪ ተመልምሎ ሄዷል። እሱ ከሄደ በኋላ ነው ሰው ሁሉ ጽሑፉን መመልከት የጀመረው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወዳጆ፣ «የባዕድ መፈክር እንዳይሆን» ብሎ ስለሰጋ፣ ወሰኔ የሚባለውን ወጣት አስተማሪ ከትምህርት ቤት አምጥቶ አስነበበው። ወሰኔ ዞር ዞር እያለ አየውና፣ «ይኼኛው ፊት ሕመም ይላል፤ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ አውቀዋለሁ። ይኼኛው መውሰድ ይላል። ሲጋጠም ተክለጻድቅ ሕመም ወሳጅ ነው» አለ።

ይህን በተናገረ በሳምንቱ ጥሩሸዋ የምትባለው ጎረቤታችን የሚያማትን ጉልበቷን በገንዳው ውስጥ ነከረች፤ ተሻለኝም አለች። ከዘመሮ ድረስ በአህያ ጭነው የሚያመጧቸው ሕሙማን አሉ ዛሬ። ታቦት ያልወረደበት፣ ካህን ያልባረከው ውኃ ጸበል ሆኖ ዋለ። ካህናቱ መክረው፣ «መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ፣ ልጁ የእርስዎ ነው፤ የቃልንም ነገር የሚያውቁ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይፍረዱ» አሉኝ። ያልመረመርኩትን ቃል ፈርጄበት አላውቅምና፣ እስኪጣራ ታገሡኝ ብያለሁ።

ደግሞም እናቱ ጌታነሽ አለች። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ከገንዳው ፊቷን ትታጠባለች። ስትመለስ፣ «ቀለል አለኝ» ትላለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠይቃትም።

የቃሉን ፊደላት ከዚህ ወረቀት ግርጌ እንደ ሐረግ ሥዬልሻለሁ። አምስቱ የፊተኛው ፊት፣ ስድስቱ የኋለኛው ፊት ናቸው። ብራና የለመደ እጅ ነውና ቅርጹን አልሳትኩም ብዬ አምናለሁ።

አጎትሽ
መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ


ሊድስ፣ እንግሊዝ አገር
መጋቢት 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለየኔታ፣ ለአጎቴ ለመሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ፤

እግርዎን ስሜ፣ ጉልበትዎን ዳስሼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጌታነሽ እናቴ እንዴት ናት? እኔ በሥራዬ ላይ ነኝ፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነርስ መሆኔን ያውቃሉ። የላኩልኝ ፊደል ከሕትመት ይልቅ ያምራል። እዚህ ያሉት ሰዎች ሰው የጻፈው አልመሰላቸውም።

ቃሉ አንድ ነው እንጂ ሁለት አይደለም፤ ፔይንስቴኪንግ ተብሎ ይነበባል። አስተማሪው ወሰኔ ክፍሎቹን አልሳተም፤ ሲያጋጥማቸው ግን ስቷል። እኔም የመሰለኝን ጽፌ ከመላኬ በፊት፣ እዚህ የምጦራቸውን ሚስ ፕራትን ጠየቅኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርት ነበሩ። እንደ እርስዎ ናቸው፤ ቃል ያለ ቦታው ሲገባ ምግብ አይወርድላቸውም።

«ማንን ነው እንዲህ ያሉት?» አሉኝ።

«የአጎቴን ልጅ፤ ግንበኛ ነው።»

«ፈጣን ነው?»

«ኧረ አይደለም፤ የመንደሩ ሰው ዔሊው ይለዋል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ትክክል ብለውታል» አሉና ትራሳቸውን አስደግፌአቸው አስረዱኝ። በዚህ ቃል ውስጥ ያለው ሕመም የሌላ ሰው አይደለም፤ የሠራተኛው የራሱ ነው። መውሰዱም ከሌላው ላይ ማንሣት ሳይሆን በራስ ላይ መቀበል ነው። ሥራው እንዳይጎድል ብሎ ጭንቁንና ድካሙን ወዶ የሚቀበል ሰው እንዲህ ይባላል። ለሰውም ለሥራውም ይቀጸላል፤ የሰዓት ጠጋኝን፣ የጥልፍ ሥራን፣ የምርመራን ሥራ እንዲህ ይሉታል። በጥድፊያ ለተሠራ ነገር ግን፣ ምንም ቢያምር፣ አይባልም። ለፈሪም አይባልም፤ እየፈራ ቀስ የሚል ሰው ሌላ ስም አለው አሉኝ።

ስለዚህ በአማርኛ ጥንቁቅ፣ ታታሪ ቢሉት ይሆናል። ሕመም ወሳጅ ግን አይደለም። ይህን ስጽፍ ጌታነሽ እናቴን አስቤ እጄ ከብዶኝ ነበር።

ለእሷ ልብስ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በሰው እጅ ልኬአለሁ። የተክሌን አድራሻም ቢልኩልኝ እጽፍለት ነበር።

ልጅዎ
አመተሥላሴ


ቀየት
ግንቦት 27 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአመተሥላሴ፤

ያ የሩቁን የሚያቀርብ ጌታ በቸር ያገናኘን። ደብዳቤሽ በሞላሌ በኩል ደርሶኛል። የላክሽው ለጌታነሽ ኩታ ሆኗል፤ መርቃሻለች። ከእንግዲህ ግን ገንዘብ አትላኪ፤ ቃል ላኪ።

ለመምህርት ሚስ ፕራት አክብሮቴን አድርሺልኝ። ሕመሙ የሠራተኛው ነው ማለታቸው ሊቅነት ነው። የአንቺን ትርጓሜ ግን አልተቀበልኩትም። ጥንቁቅ አልሽ። ድመትም ጥንቁቅ ናት፤ ውሻ እንዳያገኛት። ታታሪ አልሽ። ጉንዳንም ታታሪ ነው፤ አሞኛል ሲል ግን የሰማው የለም። ቃሉ በሆዱ ሕመም ይዞ ሳለ ሕመሙን አውጥቶ መተርጎም የእንቁላሉን አስኳል ጥሎ ቅርፊቱን ማቅረብ ነው። እኔ የምሻው ሕመሙ ያለበትን ቃል ነው። በግዕዝ ሳይኖር አይቀርም፤ እፈልገዋለሁ። አንቺ ደግሞ ጸሐፊውን ፈልጊው። ቅጽል ያለ ቀጻዩ አይፈታም። ያ ኬንድል ቃሉን በምን ቀን፣ በምን ነገር ተነሥቶ እንደጻፈው ከአፉ ስሚልኝ።

አስቸኩልሻለሁ፤ ምክንያት አለኝና። ቁስለኞች በገንዳው ውስጥ እየታጠቡ ውኃው ደፈረሰ። የሚጠጣውም ከዚያው ነው። በሰሞኑ የልጆች ሆድ ታሟል። ጥሩሸዋ እግሯን ስትነክር አግኝቻት፣ «ይህ የመጠጥ ውኃ ነው፤ ተይ» ብላት፣

«መሪጌታ፣ ልጅዎ የሠራውን እርስዎ ምን ቸገርዎ?» አለችኝ።

«ሲሠራ ዔሊው እያልሽ ታስቂበት የነበርሽ አንቺ አይደለሽም?»

«ዔሊ ነዋ። ዔሊ ከዳገት ተንከባሎ ያውቃል? አሁን ጉልበቴን ልንከርበት፤ ጸሐዩ ሳይከር።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። አንድ ቃል ብናገር ይህ ሁሉ ይቆማል። «ጽሑፉ እናንተ እንዳላችሁት አይደለም» ማለት ብቻ ነው። ነገር ግን ጌታነሽ በየማለዳው ከዚያ ፊቷን ስትታጠብ አያታለሁ። ልጇ በሄደበት እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። ምትክ የሚሆን እውነተኛ ቃል ሳልይዝ ያንን ሐሰተኛ ቃል ከእጇ ልቀማት አልችልም። ያንቺን መልስ እስካገኝ ድረስ ዝምታዬ በልጆች ሆድ ላይ እየተቆጠረ ነው፤ ይህን እወቂልኝ።

የተክለጻድቅን አድራሻ ጠይቀሻል። አድራሻ የሚባል የለም፤ ሰሜን ይባላል።

አጎትሽ
መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ


ሊድስ
ነሐሴ 10 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

በያሉበት ጤና ይስጥልኝ። ያገሬ ጭጋግ፣ የደብሩ ደወል፣ የእርስዎም ተግሣጽ ናፍቆኛል። ጥንቁቅ ባልኩት መቆጣትዎን ለሚስ ፕራት ነገርኳቸው፤ «እኒህን ሰው አግብቼ ቢሆን ኖሮ ጸጥታ አላገኝም ነበር» ብለው ሳቁ። አይቀየሙኝ።

ኬንድልን አገኘሁት። ይሠራበት ለነበረው የዕርዳታ ድርጅት ጽፌ አድራሻውን ላኩልኝ፤ ቤቱም በባቡር ሩቅ አይደለምና ራሴ ሄድኩ። ጠጉሩ የሸበተ፣ እግሩን የሚያነክስ ሰው ነው። የተክለጻድቅን ስም ስጠራ ከወንበሩ ተነሣ። የነገረኝን እንደ ነገረኝ እጽፋለሁ።

የገንዳው ግድግዳ አንዱ ጎን ተገንብቶ አልቆ ነበር። ተክሌ ቀሪውን አሸዋ በእጁ ዘግኖ አየውና አፈር አለበት አለ። አሸዋውን በሳፋ እየነከረ ማጠብ ጀመረ። ውኃው እስኪጠራ እያፈሰሰ እንደገና ይነክራል። ኬንድል ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ የቸኮለ ነበርና ተቆጣው። «ይህ ሲሚንቶ ነው፤ የሠርግ ልብስ አይደለም» አለው። ተክሌ ግን ሳፋውን ደፍቶ እንደገና ሞላ። በማግሥቱ ኬንድል ሲመጣ ተገንብቶ ያለቀው ጎን ፈርሶ አገኘው። ባልታጠበ አሸዋ የተሠራው እሱ ነበርና ተክሌ ራሱ አፍርሶታል። እጁ በሲሚንቶው ተበልቶ ተሰነጣጥቆ ነበር ይላል። «ምን አደረግህ?» ብሎ ሲጮኽበት፣ ተክሌ ባለችው ጥቂት እንግሊዝኛ፣ «ሚስተር፣ ሰው ይጠጣል» አለው።

ኬንድል ከዚያ በኋላ አብሮት አሸዋ ማጠብ ጀመረ። ሲያልቅ ቃሉን በምስማር ጫረው። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ አክብሮት ነበር አለኝ። ተክሌ ግን ፊደሉ ተንጋደደ ብሎ በመለሰኛ፣ ግንበኛ ሲሚንቶ በሚያለሰልስበት ብረት፣ አጠፋበት። «ቀጥ አድርገህ፣ ጎላ አድርገህ ጻፍ» አለው። ጎላ ተደርጎ ሲጻፍ ቦታው አልበቃም፤ ለዚህ ነው ቃሉ በማዕዘኑ ላይ የታጠፈው። እንግዲህ የኔታ፣ ወሰኔን ያሳሳተው የተክሌ የራሱ ጠባይ ነው ማለት ነው።

«ምን ማለት ነው?» ብሎ ተክሌ ጠይቆት እንደሆነ ኬንድልን ጠየቅኩት። ጠይቆታል። ኬንድልም፣ «አንተ ማለት ነው» አለው።

ስወጣ አሁን የት እንዳለ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ባርኔጣዬን አንሥቶ አቀበለኝ።

ይህ ለጌታነሽ እናቴ የሚነገር ይመስለኛል። ያንብቡላት።

ልጅዎ
አመተሥላሴ


ቀየት
ኅዳር 21 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለአመተሥላሴ ገብረየሱስ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን።

ደብዳቤሽ በመስከረም ደርሶኛል። ስላዘገየሁት መልስ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። አዝመራው ዘገየ፤ ዓይኔም ደከም ብሏል።

ስለ አሸዋው የጻፍሽውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እውነት ነው። ተክለጻድቅ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ለጌታነሽ አላነበብኩላትም።

ቃሉንም አግኝቼዋለሁ። በግዕዝ ጻማ የሚባል አለ። ድካም ማለት ነው፤ ነገር ግን ባዶ ድካም አይደለም፤ ፍሬው የሚጠበቅ ድካም ነው። ጻመወ ይላል ግሱ። እንግዲህ ዘጻመወ፣ የደከመ፣ ብንለው ሕመሙም ሥራውም በአንድነት ይገባሉ። ለካህናቱ ገና አልተናገርኩም።

ሌላ የምጠይቅሽ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፤ በዚያ አገር የምትኖሪው ብቻሽን ነው ወይስ ከሰው ጋር? በአቅራቢያሽ ያገር ሰው አለ ወይ? በዕድሜ የገፋ፣ ነገር የሚያውቅ ሰው ማለቴ ነው።

አጎትሽ
ኃይለ ኢየሱስ


ሊድስ
ጥር 19 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

ሰላምታዬን አሳጥሬአለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅ ሳለሁ «ሄደ» በማለት ፈንታ «ሄዷል» ብዬ ሳነብ በአርጩሜ ጣቴን መትተውኝ ያውቃሉ። «ያለፈውና ያለው አንድ አይደሉም፤ ግስ የሚስት ሰው ነገር ሁሉ ይስታል» ነበር ያሉኝ። ያንን ጊዜ የተማርኩትን አልረሳሁም።

በኅዳሩ ደብዳቤዎ፣ «ተክለጻድቅ እንዲህ ያለ ሰው ነበር» ብለው ጽፈዋል። ሥራውን አላሉም፤ ሰውየውን ነው ያሉት። ደብዳቤዎን ተርጉሜ ሳነብላቸው ሚስ ፕራት ያልገባቸው፣ እኔ የገባኝ ይህ ብቻ ነው። እርስዎ ግስ አይስቱም።

ያገር ሰው አለ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ለምን እንደጠየቁኝም አውቄአለሁ። የለም የኔታ። እዚህ ሰፈር ሀበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ማንም ሽማግሌ ልኮ ደጄን የሚያስመታልኝ የለም። ስለዚህ የሚነገረኝን እርስዎ ራስዎ ይንገሩኝ።

አመተሥላሴ


ቀየት
ግንቦት 4 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለአመተሥላሴ፤

ይህን ወረቀት ቆመሽ አታንብቢው። መምህርት ሚስ ፕራት በሕይወት ካሉ ከአጠገባቸው ተቀመጪ። ቋንቋችንን ባይሰሙም እጅሽን ይያዙ።

ባገራችን መርዶ በፖስታ አይላክም። ጎሕ ሳይቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ደጅ ተመትቶ ነው የሚነገረው፤ ሰውየው ብቻውን እንዳይወድቅ። አንቺ ዘንድ ደጅ የሚመታ ስለታጣ ነው ያን ጥያቄ የጠየቅሁሽ። መልስሽን ሳነብ፣ ሥርዓቱ የሚፈቅድልኝ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። እንግዲህ እኔ በዚህ ወረቀት ከደጅሽ ቆሜአለሁ። ተክለጻድቅ ልጃችን ዐርፏል።

ወሬውን ያመጣልኝ አብሮት የነበረ የዘመሮ ልጅ ነው። አንድ እግሩን እዚያ ትቶ በመስከረም ወር በምርኩዝ መጣ። ከደጅ ቆሞ፣ «የመሪጌታ ቤት ይኼ ነው?» ሲል ድምፁን ሰምቼ ሳይገባ ገባኝ። ጌታነሽ ገበያ ወርዳ ነበርና ለብቻዬ ነገረኝ። ከተራራ ሥር ውኃ ሊቀዱ በየተራ ይወርዱ ነበር። ሌላው ወታደር ኮዳውን ነክሮ ይሮጣል። ተክለጻድቅ ግን ውኃውን በነጠላ ጨርቅ እያጠለለ ነበር የሚቀዳው። «ተው፣ ቶሎ በል፤ ከላይ ያዩናል» ሲሉት፣ «ይጠጣል እኮ» ይላቸው ነበር። አንድ ቀን እያጠለለ ሳለ ቀረ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ያለቅሳል፤ «ለኛ ነበር የሚያጠልለው» አለኝ።

ያንቺ ደብዳቤ፣ የአሸዋው ነገር ያለበት፣ ከዚያው ሳምንት ደረሰኝ። አሸዋውንና ውኃውን በአንድ ሳምንት ሰማሁ።

ለጌታነሽ መንገር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከገንዳው ተመልሳ፣ «ቀለል አለኝ» ትለኛለች። ስለዚህ ቃል ስፈልግ ከረምኩ። ጻማን ባገኘሁ ጊዜም እንኳ ዝም አልኩ። ያንቺ የጥር ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላ ግን፣ ባሕር ማዶ ያለች ልጅ ያነበበችውን ከጎኔ የምትተኛ ሴት ሳታነበው አትቀርም ብዬ ፈራሁ። በዐቢይ ጾም መግቢያ ሽማግሎችን ሰብስቤ፣ በሥርዓቱ፣ ጎሕ ሳይቀድ ነገርናት። ደረቷን አልመታችም። «በስንት ወር?» ብላ ጠየቀች። ወሩን ነገርኳት። «በዚያ ወር አንድ ቀን ውኃው ቀዝቅዞብኝ ነበር» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ነው የጮኸችው።

ዐርባው በወጣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ገንዳው ዘንድ አቆምኩ። ስለ ሁለት ነገር ነበር የምናገረው። ኬንድል የነገረሽን፣ አሸዋው የታጠበበትን፣ ግድግዳው የፈረሰበትን ሁሉ ነገርኳቸው። ቃሉ ሕመም ወሳጅ አይደለም፤ ሕመም ተቀባይ ነው፤ በግዕዝ ዘጻመወ ይባላል አልኳቸው። ውኃው ጸበል አይደለም፤ ልጄ ሰው እንዲጠጣው ነው የደከመው፤ ቁስል የሚያጥብበት ሰው ድካሙን ያፈርሳል አልኳቸው። ወሰኔ ከኋላ ቆሞ አንገቱን ደፋ፤ ወዳጆም ባርኔጣውን አወለቀ።

ጥሩሸዋ ግን ዝም አትልም። «እንግዲህ ጉልበቴ በምን ተሻለኝ?» አለች።

«ገደል መውረድ ስለተውሽ» አልኳት።

«ታዲያ ያንን ማን አስተወኝ?»

ከሕዝቡ ውስጥ ሳቅ ሊነሣ ነበር፤ ቀረ። ምክንያቱም ጌታነሽ ከገንዳው ዳር ተነሣች። ከመርዶው ቀን ወዲህ በሰው ፊት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። በእጇ ማዕዘኑን፣ ቃሉ የታጠፈበትን፣ ትዳስሳለች።

«የኔን ወስዶልኛል» አለች። «እንስራ ተሸክሜ ገደል ስወጣ ስወርድ ያረጀሁ ነኝ። ጀርባዬን እሱ አሳርፎታል። እኔ ከዚህ ሌላ ተአምር አላልኩም። ቀለል አለኝ ስልዎ እኮ ይህንኑ ነበር የምልዎ።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አሁን ደግሞ ሕመም ተቀባይ ነው ይሉኛል። ይሁን። እሱ የሰውን ተቀበለ። የሱን ማን ተቀበለለት?»

ሕዝቡ እኔን አየ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ መልስ ያጣሁበት ቀን የለም። ባላውቅ እንኳ መጽሐፍ ገልጬ አመጣለሁ። ያን ቀን ግን የሚገለጥ መጽሐፍ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የሚታጠበው ሰው ከታች፣ ውኃው ሞልቶ በሚፈስስበት በኩል፣ ሌላ ቦታ ተበጅቶለታል። ከገንዳው ማንም እጁን አይነክርም። የልጆቹም ሆድ ተሽሏል። ጌታነሽ ጠዋት ጠዋት መሄዷን አልተወችም፤ አሁን ግን ስትመለስ ምንም አትልም።

ከባዕዱ ቃል ሥር፣ በኛ ፊደል፣ ዘጻመወ ብዬ ልጽፍ ቀለም በጥብጬ፣ ብርዕ ቀርጬ ወጥቼ ነበር። ከማዕዘኑ ፊት ተንበርክኬ እጄን ካነሣሁ በኋላ ተውኩት። ቀለሙም በብልቃጡ ደረቀ። ጥያቄዋ ሳይመለስ ትርጓሜዬ ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎ ጽሑፍ ደግሞ ተክለጻድቅ በመለሰኛ ያጠፋው ነበር።

ልጄ፣ እንባሽን ስትጨርሺ ለኬንድል ንገሪው። ለመምህርት ሚስ ፕራትም የጌታነሽን ጥያቄ አቅርቢላቸው። መልሱ በዚያ አገር ቋንቋ ከተገኘ ላኪልኝ። ማንበቡ ባይሆንልኝም ፊደሉን ቀጥ አድርጌ፣ ጎላ አድርጌ እሥለዋለሁ።

ያፈሰስሽውን እንባ የሚያብስ እሱ ያብስልሽ።

አጎትሽ
ኃይለ ኢየሱስ